ፋርስኛን ካለፈው ጊዜ እንጀምር



ፋርስኛ ለመማር የተነሣችሁ ወጣቶች መጽሐፍ ስትገልጡ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የምታገኙት የአሁኑን ጊዜ ነው። «እገዛለሁ፣ ትገዛለህ፣ ይገዛል» እያለ ይቀጥላል። ያለፈው ጊዜ የሚመጣው ብዙ ምዕራፍ ከታለፈ፣ ተማሪውም ግማሽ ጉልበቱን ከጨረሰ በኋላ ነው። ይህ ቅደም ተከተል ለእኛ አይሆነንም። አፉን በአማርኛ የፈታ ሰው ፋርስኛን ካለፈው ጊዜ ቢጀምር ይቀናዋል፤ ዛሬ የመጣሁትም ይህን ላስረዳችሁ ነው። ማስረጃዬን የማመጣው ከሩቅ አይደለም፤ ከዚሁ ከሰፈራችን ከየካ፣ ከሾላ ገበያ ነው።

አስቀድሜ ስለ አጻጻፉ አንድ ነገር ልበል። በእጃችሁ ባለው ወረቀት ላይ የፋርስኛውን ቃል በራሳችን ፊደል አስፍሬዋለሁ። ፋርስኛ አጭርና ረጅም «አ» አለው፤ የእኛ ግእዝና ራብዕ፣ ማለትም «ረ» እና «ራ»፣ ይህን ልዩነት ደኅና አድርገው ይይዙታል። በላቲን ፊደል የሚጽፉት ለዚህ ሲሉ ከፊደሉ በላይ ምልክት ይጨምራሉ። «ኸ»ን ከጉሮሮ አውጧት እንጂ በወረቀቱ ላይ ያለው ሌላው ድምፅ ለአፋችን እንግዳ አይደለም። ቋንቋው በኢራን ፋርሲ፣ በአፍጋኒስታን ዳሪ፣ በታጂኪስታን ታጂክ ይባላል፤ ታጂኮቹ በሩሲያ ፊደል ይጽፉታል። እኔ የምናገረው በቴህራን ስለሚነገረው ነው።

አሁን ወደ ግሡ እንግባ። «መግዛት» በፋርስኛ «ኸሪደን» ነው። ከመጨረሻው «-ኧን»ን አንሡና «ኸሪድ» ይቀራል። «ኸሪድ» ማለት ደግሞ «ገዛ» ማለት ነው፤ ምንም አልተጨመረበትም። እኛ በመዝገበ ቃላታችን ግሥን የምንጠራው «ገዛ፣ ሄደ፣ መጣ» ብለን በሦስተኛ መደብ ወንድ ኃላፊ ነው። ፋርስኛም ባለፈው ጊዜ ባዶውን የሚተወው ያንኑ ቦታ ነው። ከዚያ ወዲያ ባለቤቱን በጫፉ ታስከትላላችሁ፦ «ኸሪደም» ገዛሁ፣ «ኸሪዲ» ገዛህ ወይም ገዛሽ፣ «ኸሪድ» ገዛ ወይም ገዛች፣ «ኸሪዲም» ገዛን፣ «ኸሪዲድ» ገዛችሁ፣ «ኸሪደንድ» ገዙ። ወንድና ሴት አይለይም፤ አማርኛ ከሚጠይቀን ያነሰ ነው የሚጠይቀን።

የአሁኑ ጊዜ ግን ሌላ ነው። «አየሁ» «ዲደም» ሲሆን «አያለሁ» «ሚቢነም» ነው። «ሄድኩ» «ረፍተም»፣ «እሄዳለሁ» «ሚረቨም»። «አልኩ» «ጎፍተም»፣ «እላለሁ» «ሚጉየም»። «ዲደን» (ማየት) የሚለውን የግሡን መነሻ ስም የያዘ ተማሪ «ዲደም»ን በራሱ ያወጣዋል፤ «ሚቢነም»ን ግን ካልነገሩት ከየትም አያገኘውም። ያለፈው ጊዜ ሥር ከዚህ መነሻ ስም ሳይዛነፍ ይወጣል፤ የአሁኑ ሥር በብዙ የተለመዱ ግሦች በቃል የሚያዝ ነው። ታዲያ ጀማሪን ከሚከብደው ማስጀመር ለምን አስፈለገ?

መልሱ መጽሐፉ ለማን ተጻፈ የሚለው ነው። አን ላምብተን በ1953 (እ.ኤ.አ.) ያሳተሙት የፋርስኛ ሰዋስው የተጻፈው ለእንግሊዝኛ አንባቢ ነው፤ ከእሳቸው በኋላ የመጡትም ብዙዎቹ እንደዚያው ናቸው። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ዲፕሎማቶቹን የሚያሠለጥንበት ተቋም ቋንቋዎችን በክብደት ሲመድብ አማርኛንና ፋርስኛን በአንድ መደብ አስቀምጧቸዋል፤ ለእያንዳንዳቸው ወደ 1,100 የክፍል ሰዓት ያስፈልጋል ይላል። ይህ ልክ የእንግሊዝኛ ተናጋሪ ልክ ነው። የየካ ልጅ በዚያ መጽሐፍ ሲማር መጀመሪያ የእንግሊዝኛውን ያለፈ ጊዜ በግድ ያስታውሳል፣ ከዚያ ወደ ፋርስኛ ይሻገራል። ሁለት ጊዜ ይደክማል፤ በአማርኛ ቀድሞ የሚያውቀውን ነገር እንግዳ ነው ብሎ ይፈራዋል። ይህ ያሳዝነኛል፤ ያለ አግባብ የሚባክን ጉልበት ነውና።

የራሳችንም ቋንቋ ቢሆን ለረጅም ጊዜ የተተነተነው ለሌላ አንባቢ ነበር። የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ በ1652 (እ.ኤ.አ.) ጀርመን ጎታ ድረስ ሄደው ጀርመናዊውን ምሁር ሂዮብ ሉዶልፍን አስተማሩት፤ ሉዶልፍ የጻፈው የአማርኛ ሰዋስው እሳቸው በባሕር አደጋ ካረፉ ከ40 ዓመት በኋላ፣ በ1698፣ ፍራንክፈርት ላይ በላቲን ታተመ። ዛሬ ባየ ይማም በ1987 ዓ.ም. ያሳተሙትን የመሰለ የአማርኛ ሰዋስው በአማርኛ አለን። ሌላውን ቋንቋ በራሳችን ዓይን ለማየት መሠረቱ ተጥሏል ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ ሾላ እንውረድ። ቅቤ ከሚሸጥበት ተራ ቁሙና አንድ ወጣት ከአንዲት እናት ጋር ሲነጋገር አዳምጡ።

«እማማ፣ ቅቤ ፈልጌ ነበር።»

«ና የኔ ልጅ፣ ቅመሰው፤ ለጋ ነው።»

«ኪሎው ስንት ነው?»

ዋጋውን ይነግሩታል።

«ኧረ ተወደደ! ባለፈው ከዚሁ ተራ በቅናሽ ገዝቼ ነበር።»

«ያኔማ እኔም በቅናሽ አመጣ ነበር።»

«እንግዲያው ሄድኩ።»

«ና እንጂ! ቀንሼልሃለሁ።»

እዚህ ውስጥ ያለፈ ጊዜ የሌለው ንግግር ጥቂት ነው። ጉዳዩ ግን የአሁን ነው፤ ልጁ ቅቤውን አሁን ይፈልጋል፣ አልሄደም፣ ዋጋውም ከአፋቸው እስኪወጣ ድረስ አልቀነሰም ነበር። ሰዋስው «ኃላፊ» ያለው ሁሉ ያለፈ ነገር ብቻ አይናገርም። ፋርስኛም እንዲሁ ነው፤ ይህን ንግግር ሐረግ በሐረግ ወደ ቴህራን ብናሻግረው ብዙውን ሳይሰበር ይቀበለዋል።

ከ«ሄድኩ» ልጀምር። ወጣቱ እግሩን ገና አላነሣም፤ «ሄድኩ» የሚለው ሊሄድ መቁረጡን ለማሳየት ነው። ኢራናዊውም በዚያው ቦታ «ረፍተም» ይላል። ሾላ ውስጥ ሸክም የሚያወጣ ልጅ ከወዲያ ሲጠሩት «መጣሁ፣ መጣሁ!» ይላል፤ ገና ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም። ቴህራን ላይ እናቱ ለምሳ የጠራችው ልጅ «አመደም!» ይላል፤ ቃል በቃል «መጣሁ»። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ተማሪ ይህን እንደ ልዩ ነገር በማስታወሻው ይይዘዋል። ለእናንተ ግን ማስታወሻ አያስፈልገውም፤ ዛሬ ጠዋት ብላችሁት ይሆናል።

«ፈልጌ ነበር» ላይ ትንሽ ልዩነት አለ። ገዢው ፍላጎቱን ወደ ኋላ መለስ የሚያደርገው ለትሕትና ነው፤ «ቅቤ እፈልጋለሁ» ቢል ትእዛዝ ይመስልበታል። ኢራናዊ ገዢም ለትሕትና ወደ ኃላፊ ይሸሻል፤ የሚይዘው መንገድ ግን «ከሬ ሚኻስተም» ነው፤ ቅርጹ «እፈልግ ነበር» ከምንለው ጋር ይገጥማል። ስለዚህ ሐሳቡን ከሾላ ውሰዱ፣ ቅርጹን ግን ለውጡ።

ከሁሉ ይልቅ ልዘገይበት የምፈልገው ቦዝ አንቀጹን ነው። «ገዝቼ» ብቻውን አይቆምም። «አለ» ሲደገፍበት «ገዝቻለሁ» ይሆናል፣ «ነበር» ሲደገፍበት «ገዝቼ ነበር» ይሆናል። ትምህርት ቤት የቅርብ ኃላፊና የሩቅ ኃላፊ ብለው አስተምረውናል። ፋርስኛ «ኸሪዴ» የሚል ቃል አለው፤ እሱም እንደ «ገዝቼ» ደጋፊ ይፈልጋል። «ነኝ» የሚለውን «-ኧም» ስታስከትሉበት «ኸሪዴኧም» ገዝቻለሁ፤ «ነበርኩ» የሚለውን «ቡደም» ስታስከትሉበት «ኸሪዴ ቡደም» ገዝቼ ነበር። አንዱ ሴማዊ ቋንቋ ነው፣ ሌላው የሕንድና አውሮፓ ወገን ነው፤ ዝምድና የላቸውም። አሠራራቸው ግን ጎን ለጎን ሄዶ አንድ ቦታ ደርሷል። አንድ ልዩነት አስተውሉ፦ በአማርኛ ቦዙ ራሱ ባለቤቱን ይይዛል፣ «ገዝቼ፣ ገዝተህ፣ ገዝታ»፤ በፋርስኛ «ኸሪዴ» አይለወጥም፣ ባለቤቱን የሚይዘው ደጋፊው ብቻ ነው።

ሾላ ላይ የምትሰሙት አማርኛ ሁሉ የእናት ቋንቋ አይደለም። አፋቸውን በኦሮምኛ የፈቱም ይህ አይቸግራቸውም፤ «ቢቴራ» ገዝቷል፣ «ቢቴ ቱሬ» ገዝቶ ነበር፣ «ቢታ ቱሬ» ይገዛ ነበር እያሉ ነው ያደጉት። በዚህ አዳራሽ ያሉ የኦሮምኛ ተናጋሪዎችም የምናገረውን ሁሉ በራሳቸው ቋንቋ እያመሳከሩ ይስሙኝ።

የቅርብ ኃላፊው ሌላ ሥራም አለው። ከቅቤ ተራዋ እናት ጎን ያለችውን ሴት «ምን እያደረገች ነው?» ብትሉ «ተቀምጣለች» ትላላችሁ። መቀመጥ የጀመረችው ቀደም ሲል ነው፣ ሁኔታዋ ግን አሁን ነው። «ሕፃኑ ተኝቷል»፣ «ዘበኛው ቆሟል» ስንልም እንደዚያው ነው። ፋርስኛ በትክክል ይህንኑ ያደርጋል፦ «ኔሸስቴ ኧስት» ተቀምጣለች፣ «ኻቢዴ ኧስት» ተኝቷል፣ «ኢስታዴ ኧስት» ቆሟል። በእንግሊዝኛ በኩል የመጣ ጀማሪ እዚህ የአሁን ቀጣይ ጊዜ ይፈልጋል፤ ስለዚህም ሰውዬው ተቀምጦ ሳለ ገና እየተቀመጠ ነው የሚል ፋርስኛ ያወጣል። እናንተ አማርኛችሁን ብትከተሉ አትሳሳቱም።

ደግሞ ቀና ብላችሁ ወደ እንጦጦ ተመልከቱ። ሾላ ደረቅ ነው፤ ከላይ ግን እንጨት ተሸክመው የሚወርዱት ሴቶች ነጠላቸው ርሷል፣ እግራቸው ጭቃ ይዟል። ምን ትላላችሁ? «ላይ ዘንቧል።» ዝናቡን አላያችሁም፤ ምልክቱን አይታችሁ ደመደማችሁ። ሲዘንብ እዚያው የነበረ ሰው ሲያወራ «ዘነበ፣ በረዶም ጣለ» ይላል። ቴህራንም ከተራራ ሥር ያለች ከተማ ናት፤ በሰሜኗ ጫፍ የተጅሪሽ ገበያ አለ፣ ከኋላው ወደ 4,000 ሜትር የሚጠጋው የቶቻል ጫፍ። እዚያ ያለ ሰው ጠዋት ከቤቱ ወጥቶ መንገዱን እርጥብ ቢያገኘው «ባራን አመዴ» ይላል፤ ዘንቧል። ማየትንና ከምልክት መረዳትን በግሥ ጫፍ መለየት ጀማሪ ቶሎ የማይደርስበት ነገር ነው፤ እናንተ ግን ይዛችሁት ነው የምትጀምሩት።

ወደ ቅቤ ሻጯ እንመለስ፤ «አመጣ ነበር» ብለዋል፤ ልማዳቸውን እየተናገሩ ነው። በፋርስኛ ከኃላፊው ፊት «ሚ» ይገባል፦ «ሚያቨርደም» አመጣ ነበር፣ «ሚኸሪደም» እገዛ ነበር። እዚህ ደግሞ የሚያስደንቅ ነገር አለ። «በየሳምንቱ ከሾላ እገዛ ነበር» ስንል የተደረገ ነገር ነው። «ባይወደድ ኖሮ እገዛ ነበር» ስንል ግን አልገዛንም፤ ግሡ አንድ ሆኖ አንዱ የሆነ፣ ሌላው ያልሆነ ነው። ፋርስኛም «ሚኸሪደም»ን ለሁለቱም ይጠቀምበታል፦ «ኧገር ጌራን ነቡድ፣ ሚኸሪደም»፣ ውድ ባይሆን ኖሮ እገዛ ነበር። ብዙ ጀማሪ «ምነው ባልነበረ ነገር ላይ ያለፈ ጊዜ ገባ?» ብሎ ይጠይቃል። እናንተ ይህን ጥያቄ በልጅነታችሁ መልሳችሁታል። «እየገዛሁ ነበር» ለማለት ደግሞ «ዳሽተም» የሚል ረዳት ከፊት ይቀድማል፦ «ዳሽተም ሚኸሪደም»። «ዳሽተም» ብቻውን ሲቆም «ነበረኝ» ማለት ነው፤ ያን ጊዜ «ሚ» አይገባበትም፣ «ቡደም»ም በተለመደው ንግግር «ሚ» አይቀበልም።

ስለ አክብሮት ሳልናገር አላልፍም። «እማማ ገዙ» ስንል ግሡ የብዙ ነው፤ እሳቸው ግን አንድ ናቸው። ፋርስኛም ትልቅ ሰውን በብዙ ቁጥር ያከብራል፦ ስለ እሳቸው ሲወራ «ኸሪደንድ»፣ ፊት ለፊት ደግሞ «ኸሪዲድ»። ከታላቅ ጋር ስትነጋገሩ «ኸሪዲ» እንዳትሉ፤ «አንተ ገዛህ» ማለት ነው። የአማርኛን ጨዋነት ከተከተላችሁ እዚህም አታፍሩም። ተሳቢውም ቢሆን ከእጃችሁ አይወጣም፦ «ቅቤ ገዛሁ» «ከሬ ኸሪደም» ነው፤ «ቅቤውን ገዛሁ» ሲሆን «ከሬ ራ ኸሪደም»፤ የእኛን «-ን» ሥራ «ራ» ይሠራዋል።

ይህን ሁሉ ስል አማርኛ የትም አያሳስታችሁም ማለቴ አይደለም። ሦስት ቦታ ተጠንቀቁ።

እኛ ወሬን በቦዝ እንቀጥላለን፦ «ሾላ ሄጄ፣ ቅቤ ገዝቼ፣ ተመለስኩ»። ይህን ይዛችሁ «ረፍቴ፣ ኸሪዴ» እያላችሁ ብትሰካኩት ንግግራችሁ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይመስላል። በመንገድና በቤት የሚባለው ሁሉንም በተራ ኃላፊ አስቀምጦ ነው፦ «ረፍተም፣ ከሬ ኸሪደም፣ በርገሽተም»። ሄድኩ፣ ቅቤ ገዛሁ፣ ተመለስኩ። አጭር ነው፣ ለጀማሪም ይመቻል።

ድምፁንም ጆሯችሁ ይልመደው። በጽሑፍ «ረፍተም» እና «ረፍቴኧም» ይለያያሉ። በፈጣን የቴህራን ንግግር ግን ሁለተኛው ይዋጥና «ረፍተም» ይሆናል፤ ያኔ የሚለያቸው የድምፁ ጫና ነው። «ሄድኩ» ሲሆን ጫናው ከፊት «ረፍ» ላይ፣ «ሄጃለሁ» ሲሆን ከኋላ «ተም» ላይ ያርፋል። እኛ በጫና ባንለይም በማጥበቅና በማላላት እንለያለን፤ «አልገዛም» የሚለውን «ዛ» አጥብቃችሁ ስታነቡት እሱ አልገዛም፣ አላልታችሁ ስታነቡት እኔ አልገዛም ነው። ይህን የሚሰማ ጆሮ ያንንም ይለምደዋል፤ ግን ከመጽሐፍ አይገኝም፣ ሰው ሲናገር መስማት ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ከሁሉ የሚያስቸግረው ነው። አማርኛ ለቅርብ ኃላፊው የራሱ አሉታ የለውም። «ገዝቻለሁ» አለን፤ አሉታው ግን ከ«ገዛሁ» የምንበደረው «አልገዛሁም» ነው። ሾላ ላይ ወንድምህ ስልክ ደውሎ «ቅቤውን ገዛኸው?» ቢልህ «ገና አልገዛሁም» ትለዋለህ። ትላንት ስለነበረው ቢጠይቅህም «ትላንት አልገዛሁም» ትለዋለህ፤ ግሡ አንድ ነው። ፋርስኛ ግን ሁለቱን ይለያል። ትላንት ያልተገዛው «ነኸሪደም» ነው፤ ነገሩ ተዘግቷል። ዛሬ ገና ያልተገዛው «ሀኑዝ ነኸሪዴኧም» ነው፤ ሊገዛ ይችላል። አማርኛ ተናጋሪ ጀማሪ ለሁለቱም «ነኸሪደም» ማለት ይቀናዋል፤ ማንም ይረዳዋል፣ አነጋገሩ ግን የእንግዳ ይሆናል። ለዚህ የማስተምርበት መንገድ ቀላል ነው። አማርኛው ላይ «ገና» ማስገባት የምትችሉ ከሆነ ፋርስኛው «ነ...ዴኧም»ን ይፈልጋል፤ «ገና» የማይገባ ከሆነ «ነ...ደም» ይበቃል። በዚህ ሳምንት ገበያ ስትወጡ የምትሰሙትን እያንዳንዱን «አል...ም» በዚህ ፈትኑትና ጻፉት፤ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ አንድ በአንድ እናየዋለን።